ክረምት ላይ ግሪኛርድ ለምትሠሩ

ሐምሌ ገብቶ የክረምት ፕሮግራም ተማሪዎች ላብ ሲጀምሩ የሁሉም ጭንቀት ግሪኛርድ ነው፤ ማግኒዚየምን ኤተር በሚባል ፈሳሽ ውስጥ አዋህደን የምንሠራው፣ ውሃ የማይወድ ሪአክሽን። አብዛኞቹ አስተማሪዎች ናቸው። ሪአክሽኑን ከኮሌጅ ጀምሮ ያውቁታል፤ ወረቀት ላይ ከሽፎባቸው አያውቅም። ፍላስኩ ውስጥ ግን ማግኒዚየሙ ዝም ብሎ ይጋደማል። ይሄኔ ወደ መስኮቱ ዞረው «በዚህ ዝናብ እንዴት ይሠራል?» ይላሉ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የኦርጋኒክ ላብ ቴክኒሺያን ነኝ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዝናቡን ተዉት። ሪአክሽኑን የሚገድለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከኮንደንሰሩ (እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ወደ ፍላስኩ ከሚመልሰው ቱቦ)፣ ከኤተሩ ጠርሙስና ካልደረቀ መለኪያ ሲሊንደር ነው። መጀመሪያ በቁጥር ላሳያችሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራው እንገባለን።

ሙከራው የታወቀው ነው። ብሮሞቤንዚን ደረቅ ኤተር ውስጥ ከማግኒዚየም ጋር ተዋህዶ ፌኒል ማግኒዚየም ብሮማይድ ይሆናል። በላዩ ቤንዞፌኖን ይጨመራል። በመጨረሻ አሲድ ሲገባበት ነጩ ትራይፌኒል ሜታኖል ይወጣል። ፈረንሳዊው ቪክቶር ግሪኛርድ ይህን ዓይነት ውህድ በ1900 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጎ በ1912 ኖቤል ተሸልሞበታል። ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ለእኛ ዋናው፣ አንድ የውሃ ሞሌኪዩል አንድ የግሪኛርድ ሞሌኪዩል ማጥፋቱ ነው።

የምንሠራው በ1.2 ግራም ማግኒዚየም ነው፤ ወደ 50 ሚሊሞል ይመጣል፤ ሚሊሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው። አሁን አንድ 250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ አስቡ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ የሆነ አየር ቢሞላው ውስጡ ያለው የውሃ እንፋሎት 2.6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ይህ 0.14 ሚሊሞል ነው። ከ50 ላይ ይህን ያህል ቢጎድል ማን ያውቀዋል? አንድ ጠብታ ውሃ ግን 50 ሚሊ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 2.8 ሚሊሞል ማለት ነው። ኮንደንሰር ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ጠብታ ፍላስክ ሙሉ አየር ከሚያጠፋው ሃያ እጥፍ ታጠፋለች።

ኤተሩ ደግሞ ይብሳል። ውሃ የጠገበ ኤተር በክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ ውሃ ይይዛል። 30 ሚሊ ሊትሩ 21 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ውሃ ይዞባችሁ ይገባል። ከ11 ሚሊሞል በላይ መሆኑ ነው። ወደ ሩብ የሚጠጋ ምርት ገና ሳይጀመር ሄደ።

ሂሳቡ ግን ሁሉንም አይናገርም። ጅማሬው ላይ ትንሽ ውሃም ብዙ ነች። መጀመሪያ የምትፈጠረው ጥቂት ግሪኛርድ ውሃውን ስትጠርግ ራሷ ታልቃለች፤ የማግኒዚየሙ ገጽም እንደተሸፈነ ይቀራል፣ ሪአክሽኑ አይነሳም። 5 በመቶ ታጠፋለች ያላችኋት ጠብታ ከሰዓቱን በሙሉ ልትበላው ትችላለች።

ሥራው ከዋዜማው ይጀምራል። ፍላስኩ፣ የጠብታ ፈነሉ፣ ኮንደንሰሩና የማድረቂያ ቱቦው ይታጠባሉ፣ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃሉ፣ ተንጠፍጥፈው 120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ያድራሉ። ለዓይን የደረቀ ብርጭቆ ገጹ ላይ የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን አለው። የሚለቀው በሙቀት ነው። ጎማና ፕላስቲክ ኦቨን አይገባም። የጠብታ ፈነሉ መክፈቻ ቴፍሎን ከሆነ አውልቁት፤ ቴፍሎን ሲሞቅ ከብርጭቆ በላይ ስለሚለጠጥ በቦታው እንዳለ ከገባ ብርጭቆውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ክዳኖችም ከየአፋቸው ተነስተው ለብቻ ይደርደሩ።

ተማሪ ሁሉ የሚረሳው ኮንደንሰሩን ነው። ረጅም ስለሆነ ኦቨን ውስጥ አይመችም። «እሱ እኮ ከላይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጣጣው ከላይ መሆኑ ላይ ነው። ኤተሩ ሲፈላ እንፋሎቱ ወጥቶ ኮንደንሰሩን እያጠበ ይመለሳል። ውስጡ ያለውን ውሃ ጠራርጎ ፍላስኩ ውስጥ ይጨምረዋል። ስለዚህ በሰያፍም ቢሆን አስገቡት። የውጨኛው ቱቦ ውስጥ የቀረ ውሃ ካለ ቀድማችሁ አንጠፍጥፉ፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ኦቨኑ ውስጥ ሲተን ያድራል።

አሴቶንን በተመለከተ እለምናችኋለሁ። ጠረጴዛ ላይ ያለው የአሴቶን መርጫ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ሲዘጋ የከረመ ነው፤ ውሃ አለበት። ውሃ ባይኖርበት እንኳ አሴቶን ራሱ እንደ ቤንዞፌኖን ኬቶን ነው። ግሪኛርድ ቤንዞፌኖንን እንደሚያጠቃው ሁሉ አሴቶንንም ያጠቃዋል። ፍላስኩን ቶሎ ላድርቀው ብሎ በአሴቶን አለቅልቆ ቀጥታ ወደ ሪአክሽን መግባት አንዱን ጠላት በሌላ መተካት ነው። በአሴቶን የራሰ ዕቃ ትኩስ ኦቨን ውስጥ መክተት ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

መብራቱንም አትርሱ። ኦቨኑ ማታ ተከፈተ ማለት ሌሊቱን ሠራ ማለት አይደለም። ጠዋት ስትገቡ ሙቅ ሆኖ ብታገኙት እንኳ መብራቱ የመጣው ከግማሽ ሰዓት በፊት ሊሆን ይችላል። የሌሊት ጥበቃውን ጠይቁት፤ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ጥርጣሬ ካለ ሁለት ሰዓት ጨምሩለት። ጊዜ ከሌለ ፍላስኩን በሙቅ አየር መተኮሻ ወይም በቡንሰን ነበልባል ማድረቅ ይቻላል። ግን ይህ የሚሆነው ክፍሉ ውስጥ አንድም የኤተር ጠርሙስ ሳይከፈት በፊት ነው። የኤተር እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ጠረጴዛውን ይዞ ተንሸራቶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል።

ከኦቨን የወጣ ዕቃ የሚገጣጠመው በትኩሱ ነው። ወፍራም ጓንት አድርጉ። «ይቀዝቅዝና እገጥመዋለሁ» ያለ ሰው አላደረቀውም፤ ብርጭቆ ሲቀዘቅዝ የክፍሉን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ፍላስኩ ላይ ኮንደንሰሩ፣ ኮንደንሰሩ አናት ላይ የማድረቂያ ቱቦው፣ በጎን የጠብታ ፈነሉ ከነክዳኑ። ከዚያ ራሱ ይቀዝቀዝ። የኮንደንሰሩን ውሃ አሁን አትክፈቱ። ብርጭቆው ገና አየር እየሳበ ሳለ ውስጡን ካቀዘቀዛችሁት እርጥበቱ የሚያርፍበትን ቦታ አዘጋጃችሁለት። ውሃው የሚከፈተው ኤተሩ ሊገባ ሲል ነው።

የማድረቂያ ቱቦው ከሁለቱም ጫፍ ጥጥ፣ መሃሉ ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ጥሬ ጥሬውን ተጠቀሙ፤ ዱቄቱ ይዘጋል። ጥጡንም አትጠቅጥቁት። የተደፈነ ቱቦ ካለ የተዘጋ ዕቃ እያሞቃችሁ ነው፤ ኤተሩ ማምለጫ ሲያጣ የሚፈነዳው ፊታችሁ ላይ ነው። አየር ማሳለፉን ለማየት በአፍ አትንፉበት፣ ትንፋሻችሁ ውሃ ነው። በፒፔት ጎማ ሞክሩት።

ክረምት ላይ የወጥ ቤት ጨው ዕቃው ውስጥ እንደሚረጥበው ካልሲየም ክሎራይድም ክዳኑ ላልቶ ካደረ ይጣበቃል። ከጨው ይብሳል እንጂ አያንስም፤ ብዙ ከቆየ በሳበው ውሃ ራሱ ይሟሟል። እንግዲህ ዝናቡን የምወቅስበት አንዱ ቦታ እዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት ቡድን የተሞላ ቱቦ ስትወርሱ አራግፋችሁ እንደገና ሙሉት። ሰማያዊ ሲሊካ ጄል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሮዝ ሲሆን ጠግቧል፣ 120 ዲግሪ ላይ ሲሞቅ ደግሞ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። ቀለሙ የኮባልት ጨው ስለሆነ በባዶ እጅ አትነካኩት።

አሁን ኤተሩ። ከሁሉም በፊት መለያውን አንብቡ። ኤተር ሲቆይ ፐርኦክሳይድ የሚባል ፈንጂ ውህድ እንዳይሠራ ማረጋጊያ ይጨመርበታል፤ አንዳንዱ ውስጥ ማረጋጊያው ኢታኖል ነው። ኢታኖል ለግሪኛርድ ከውሃ አይሻልም፣ በዚያ ላይ ለማድረቂያ የምንጠቀምበት 3 አንግስትሮም ሞሌኪዩላር ሲቭ (ውሃ የሚውጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ጠጠር መሳይ ነገር) ኢታኖልን ወደ ቀዳዳው አያስገባውም። ስንት ቀን ብታስቀምጡት አይጠራላችሁም። ቢኤችቲ (ሌላው ማረጋጊያ) የሚል ከሆነ ስጋት የለም፤ መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ ከቆየ ደግሞ በፐርኦክሳይድ መመርመሪያ ወረቀት ሳትፈትሹ አትንኩት።

ለማድረቅ 3 አንግስትሮም ሲቭ እመርጣለሁ። አንድ ሁኔታ ብቻ አለው፤ ሲቩ መንቃት አለበት፤ ማለትም የያዘው ውሃ በሙቀት መውጣት አለበት። የዕቃ ማድረቂያው 120 ዲግሪ ኦቨን ለዚህ አይበቃም። በምድጃ 300 ዲግሪ ላይ አሳድሩት፣ ከዚያ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ክዳን ያለው ዕቃ) ውስጥ ይቀዝቅዝ። ለ500 ሚሊ ሊትር ኤተር 100 ግራም ጨምሩና ሁለት ቀን ተዉት። ከፋብሪካ እንደመጣ ካርቶን ውስጥ የከረመ ሲቭ ጠግቦ ነው የሚጠብቃችሁ፤ እሱን ኤተር ውስጥ መጨመር ጠጠር ከመጨመር ብዙም አይለይም።

የቆዩ ሰዎች «ሶዲየም ሽቦ የሌለበት ኤተር ኤተር አይደለም» ይላሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ግን በደንብ የነቃ 3 አንግስትሮም ሲቭ የኤተር ዘመድ የሆነውን ቴትራሃይድሮፉራንን ከሶዲየምና ቤንዞፌኖን በተሻለ እንደሚያደርቅ በልኬት አሳይቷል። እኔ ደስ ብሎኛል። ሶዲየም ያለበት ፍላስክና ሠላሳ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ባላይ ይሻለኛል። ይህንንም አብራችሁ ያዙ፤ ዳይክሎሮሜቴንና ክሎሮፎርም በጭራሽ በሶዲየም አይደርቁም፣ ይፈነዳሉ።

የደረቀ ኤተር መልሶ የሚረጥበው ሲቀዳ ነው። ኤተር ቶሎ ስለሚተን የጠርሙሱን አፍ ያቀዘቅዘዋል፤ ሐምሌ ላይ አፉ ጤዛ ሲይዝ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ያ ጤዛ ከሚቀጥለው ቅጂ ጋር ይወርዳል። ለዚህ ነው ጠርሙሱን ለተማሪ የማልሰጠው። አንድ ሰው፣ ደረቅ ሲሊንደር፣ ቶሎ ቀድቶ ቶሎ መክደን። ሲሊንደሩ ደረቅ የሚለውን ደግሞ አትዝለሉት። ፍላስኩን ሌሊቱን ሙሉ አድርቆ ኤተሩን ከቧንቧው አጠገብ በተገለበጠ እርጥብ ሲሊንደር የሚለካ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

ሌሎቹን ባጭሩ። ማግኒዚየሙ ኦቨን ውስጥ ከዕቃው ጋር ቢገባ ጥሩ ነው፤ የጠቆረውን ትታችሁ የሚያብረቀርቀውን ምረጡ። ብሮሞቤንዚኑ ሲቭ ላይ ይደር። ቤንዞፌኖኑን ግን ኦቨን ውስጥ እንዳትከቱት፣ በ48 ዲግሪ ይቀልጣል። የሱ ቦታ ዴሲኬተር ነው።

ከፍታችንንም አስቡበት። ኤተር ባሕር ጠለል ላይ በ34.6 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የሚፈላው በ27 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛው፣ ኮንደንሰሩ የእውነት መቀዝቀዝ አለበት። የክረምት የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ውሃ ከጠፋ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ ጨምራችሁ በትንሽ የውሃ ፓምፕ አዙሩት፤ እንዲያውም ከቧንቧው ይበልጣል። ግን የቀዘቀዘ ኮንደንሰር በውጭ በኩል ያልበዋል። ላቡ ቁልቁል ወርዶ መጋጠሚያው ላይ ይጠራቀማል፣ ኮንደንሰሩን ስትነቅሉ ዘው ይላል። ከመጋጠሚያው ከፍ ብላችሁ ደረቅ ጨርቅ ጠምጥሙበት፣ ሲርስ ቀይሩት። መጋጠሚያዎቹን ደግሞ ስስ ግሪዝ ቀቧቸው።

ሁለተኛው ነገር ሰዎችን ሲያታልል ብዙ ጊዜ አያለሁ። አምና አንድ ሸምገል ያሉ የኬሚስትሪ መምህር ፍላስኩን በመዳፋቸው አቅፈው «ተነሳ! ይኸው ፈላ!» ብለው ጠሩኝ። እውነትም ይፈላል።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ያንሱት» አልኳቸው።

አነሱት። ፀጥ አለ። ሲያፈሉት የነበረው ራሳቸው ናቸው። የሰው እጅ ከ27 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ኤተር መዳፍ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ሪአክሽኑ መነሳቱን የምታውቁት ሙቀቱን ስታርቁ ነው። እጃችሁን ወይም የሞቀውን ውሃ አንሱ፤ መፍላቱ በራሱ ከቀጠለ ተነስቷል። ማግኒዚየሙ ገጽ ላይ አረፋ ይወጣል፣ ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ቀስ በቀስ ወደ ግራጫና ቡናማ ይሄዳል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ማግኒዚየሙን ለመሸፈን የሚበቃ ጥቂት ኤተር ፍላስኩ ውስጥ ይግባ። ፈነሉ ውስጥ 5.3 ሚሊ ሊትር ብሮሞቤንዚን በ25 ሚሊ ሊትር ኤተር ተበጥብጦ ይቀመጥ። ከዚህ አንድ አሥረኛውን ብቻ ልቀቁ። አንዲት የአዮዲን ቅንጣት ጨምሩ፤ ቡናማ ቀለሟ ሲጠፋ ጥሩ ምልክት ነው። ካልተነሳ በውሃ መታጠቢያ ለዘብ አድርጋችሁ አሙቁ፤ ውሃውን ሌላ ቦታ አሙቃችሁ አምጡት፣ ሆት ፕሌት ከኤተር አጠገብ አይቀመጥም። አሁንም ካልተነሳ ሁለት ሦስት የማግኒዚየም ቁራጭ ደረቅ ሙቀጫ ውስጥ ሰበር ሰበር አድርጋችሁ ጨምሩ፤ አዲስ የተሰበረ ገጽ ኦክሳይድ የለበትም። ፍላስኩ ውስጥ በብርጭቆ ዘንግ መጨቅጨቅም ይሠራል፣ ግን ስንት ፍላስክ ቂጡ ተበስቶ እንደተጣለ የማውቀው እኔ ነኝ።

እስኪነሳ ድረስ አንዲትም ጠብታ አትጨምሩ። ትዕግሥት ያለቀበት ሰው ፈነሉን ሙሉውን ይለቀዋል፤ ከዚያ ሪአክሽኑ ዘግይቶ ሲነሳ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳና ኤተሩ በኮንደንሰሩ አናት ይወጣል። የበረዶ መታጠቢያው ከጎናችሁ ይሁን። ከተነሳ በኋላ ፍላቱ ሳይቆም ሳይጋልብም ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቀጥሉ። በዚህ ሰዓት የኤተሩ እንፋሎት ራሱ አየሩን ወደ ላይ ይገፋላችኋል፣ ያለ ናይትሮጅን መሥራት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ናይትሮጅን ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ ፊኛና ሴፕተም (መርፌ የሚወጋበት የጎማ ክዳን) ይበቃል። ፊኛ ግን እርጥበት ቀስ እያለ ስለሚያሳልፍ የትናንቱን ለዛሬ አታቆዩ። ሲሪንጁንም አድርቁት፤ ከሥራ በኋላ ወዲያው ካላጠባችሁት ተጣብቆ ይቀራል።

የቤንዞፌኖኑ 9 ግራም በደረቅ ኤተር ሟሙቶ ይገባል፣ እሱም ጠብ ጠብ እያለ። ይህ እስኪያልቅ የማድረቂያ ቱቦው አይነሳም። በረዶና ቀጭን አሲድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምርቱ ትንሽ ሲሆን ሁሉም «ውሃ ገብቶበት ነው» ይላል። መቅለጫውን ለኩና ተናገሩ። ንጹሕ ትራይፌኒል ሜታኖል በ162 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሳይዋሃድ የቀረ ብዙ ቤንዞፌኖን ካገኛችሁ ግሪኛርዱ ቀድሞ አልቋል፤ ያን ጊዜ ውሃ ፈልጉ፣ ከኤተሩና ከኮንደንሰሩ ጀምራችሁ። በ70 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ነገር ከወጣ ግን ባይፌኒል የሚባለው የጎን ውጤት ነው። እሱ የሚበዛው ብሮሞቤንዚኑ ሲፈጥን ወይም ፍላስኩ ሲግል ነው፣ ከውሃ ጋር አይገናኝም። ምርቱን በፔትሮሊየም ኤተር እጠቡት፤ ባይፌኒሉ ይሟሟል፣ ትራይፌኒል ሜታኖሉ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ፈነሉን ዘግየት አድርጉት።